ሁለት ምት

ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ ባጣሁ ጊዜ አንድ አዛውንት ቧንቧ ሠራተኛ ዘንድ በተለማማጅነት ገባሁ። እሳቸው ፎቅ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት ስንሆን የምንግባባው ቧንቧውን በመፍቻ በመምታት ነበር። አንድ ምት «ቀጥል» ማለት ነው፤ ሁለት ምት ደግሞ «ፍታውና እንደገና ሥራው»። አራት ዓመት የሰማሁት ሁለት ምት ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በፈታሁት ቁጥር ስህተቴን አገኘው ነበር።

«ጋሼ፣ ልምምዴን የጨረስኩበትን ወረቀት መቼ ነው የሚፈርሙልኝ?» ስላቸው፣ «ምሁሩ፣ ቧንቧ ዲግሪ አያነብም» እያሉ ይስቁብኛል።

ሳይፈርሙልኝ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አለቀስኩ፤ በሐዘን ይሁን በንዴት እኔም አልለየሁትም።

ትናንት ያለ እሳቸው ፊርማ ለቧንቧ ሠራተኛነት ፈቃድ ተፈተንኩ። ብወድቅ አራቱን ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። በክፍሉ ከፈታኟና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ሥራዬ ከግድግዳም ከጣሪያም ያልተገናኘ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ የአንድ ሜትር ቧንቧ ነው። ውሃ ሞላችበት። ጠብ አላለም።

«እጅህ ይባረክ ወንድሜ!» ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ያኔ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተመታ። መፍቻዬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ማነው የመታው?» አለች። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች፤ ምንም የለም። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

«ኧረ ተው ወንድሜ፣ ልፈርምልህ ነው እኮ!»

እጄ ግን መፍታት ጀምሯል።