የዘር ድንች

ወይንሸት ከጓሮ የቆፈረችውን ድንች ትልልቁን ለመስቀል ወደ ቅርጫት፣ እንቁላል የሚያክለውን ለዘር ወደ ጆንያ ትለይ ነበር። አለያየቱን ያስተማሯት አማቷ ከጎኗ ተቀምጠው አፈሩን ያራግፋሉ።

"ዘንድሮ ለዘር አታስቀሪ" አሏት ቀና ሳይሉ።

"ለምን እማዬ? በበልግ ምን ልንተክል ነው?"

አሮጊቷ አፈሩ የለቀቀውን ድንች እንደገና በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ልጄ ከደቡብ አፍሪካ ደውሎ ነበር። ለመስቀል ይገባል።"

ሌላ ጊዜ "ባልሽ" ነበር የሚሉት። ወይንሸት ግን ደስታው ቀደማትና ልብ አላለችውም። "ለኔ ሳይነግረኝ?"

"እዚያ ያገባትን ይዞ ነው የሚመጣው። ቤቱም ለእነሱ ነው።"

ወይንሸት እጇ ጆንያው አፍ ላይ ቀረ። አማቷ ጆንያውን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና ቅርጫቱ ላይ ገለበጡት።

"እንግዳ ይበዛል፤ ሁሉንም ቀቅይው።"