ግራፉን ያበላሸችው ነጥብ

በእኛ ዘመን አንድ ቤት መብራትና ውሃ የሚሰጠው የሥነ ልቦና ጥናቱ ግራፍ ላይ ነጥብ ላለው ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ሰው ሐዘን ናት፤ ሐዘኑ ሲበረታ ነጥቧ ከፍ ትላለች። ግራፉን የምሠራው እኔ ነኝ።

ዛሬ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ላይ ጫፍ ወጥታ ሌሎቹን ሁሉ ታች ጥግ ላይ አጨናነቀቻቸው።

"ለአንዷ ብለን ሁሉንም ልናበላሽ ነው? አንሺያት!" አለኝ አለቃዬ።

ስም የላትም፤ አነሳኋት። ግራፉ ጥርት አለ፤ ተጨበጨበልኝ።

ቤት ስገባ መብራቱ በራልኝ። እናቴ እስክመጣ ድረስ ጨለማ ውስጥ ነበረች። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ከሏን አላወለቀችም።

"ትርሲትዬ፣ መጣሽ? ቧንቧው እንቢ አለኝ። እስቲ ክፈቺልኝ፣ ፊቴን ልታጠብ።"

እጄን ዘረጋሁ፤ ውሃው ወረደ። እሷ እጇን ስታስገባ ቀጥ አለ።