ዘሯ ያልታወቀ ዘንዶ

ቲኒስ ወንድ ዘንዶውን በትራስ ልብስ ቋጥሮ ማርሊዝ ቤት መጣ። የሟች ባሏ ጓደኛ ነው፤ በቤኖኒ ከተማ የሐምሌ ብርድ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ መስታወቱ ሣጥን ጎንበስ ብሎ ባሏ ያሳደጋትን ሴቷን ዘንዶ ዳበሰና አፏጨ። «አንቺ! ከማዳቀል በፊት ብርድ እንደሚያስፈልጋቸው ማን ነገረሽ? ደርሳለች እኮ!» ማንም አልነገራትም። ከባሏ ቀብር ወዲህ የክፍሉን ማሞቂያ አብርታው አታውቅም።

«ዘሯ ግን ከየት ነው?»

«እንጃ። ሰው በካርቶን ጥሏት ባሌ ነው ያገኛት።»

«እንግዲህ ዕድል ነው። ወይ የሚያማምሩ ይወለዳሉ፣ ወይ በዘር በሽታ አንገታቸውን ማቅናት የማይችሉ። የማይችሉትን መግደል ያንቺ ሥራ ነው። ልፍታው?»

ጣቱን ቋጠሮው ላይ አሳርፎ ጠበቃት። ትራስ ልብሱ ውስጥ ወንዱ በዝግታ ተንቀሳቀሰ። ማርሊዝ ቋጠሮውን እያየች ደስታ ወይም ፍርሃት እስኪመጣላት ጠበቀች፤ አንዱም አልመጣም።

«ተወው፣ ቲኒስ። ሌላ የምቀብረው አልፈልግም።»

እሱ ቋጠሮውን አጥብቆ ተነሣ። እሷ ሄዳ የማሞቂያውን ቁልፍ አዞረች። የመጀመሪያው ሙቀት ሲነካት ነው እጆቿ መደንዘዛቸውን ያወቀችው።