ያልተተፋባት ብልቃጥ

«ተፊበት በቃ! ምራቅ እኮ ነው፣ ደም አይቀዱሽ!»

የአክስቷ ልጅ ትንሿን ብልቃጥ አፏ ድረስ አስጠግታላታለች...

እሷ ግን አፏ ደርቋል።

«ሌላ ቀን...» አለች። «ዛሬ ደክሞኛል።»

እውነቷን ነው። ስትቆርጥና ስትላጭ ነው የዋለችው።

ፀጉር ቤቱ የአባቷ ነበር። በሰፈሩ እሱ ያልላጨው ወንድ አልነበረም... እጁ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ።

መጀመሪያ መቀስ ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ የአንድ ደንበኛ ጆሮ ደማ። ከዚያ ምላጩን ለልጁ አስረክቦ ቤት ገባ።

ያኔ ገና ወጣት ነበረች። ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ «ቀስ እያለ የሚገዘግዝ በሽታ ነው» አላቸው። «በዘር ይሄዳል። ልጅ ላይ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል።»

እሷ ምን አለች መሰላችሁ?

«እኔ መቀሱን ከወረስኩ ይበቃኛል!» ብላ ሳቀች። አባቷም ሳቀ...

ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንስተውት አያውቁም።

አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ በዚሁ በሽታ አለፈች። የአክስቷ ልጅ ግን ያንን እቤት ሆነው ምራቅ በፖስታ የሚልኩትን የዲኤንኤ ምርመራ አድርጋ ነፃ ወጣች። ምርመራው የዘር ሐረግንም፣ በዘር የሚመጣ በሽታንም ይናገራል። «አንቺም ተገላገዪ» ብላ ነው ገዝታ ያመጣችላት።

ካርቶኑ ፍሪጁ ላይ ሰነበተ።

አቧራ ስትጠርግ ታነሳዋለች... መልሳ ታስቀምጠዋለች።

እንዴት አትፈራ?

ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ሳትከፍት እጇን ዘርግታ ታያለች። ድካም ትንሽ ካንቀጠቀጣት አለቀ፣ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድላትም።

ድሮ የሰፈሩ ፋርማሲስት «እንጋባ» ሲላትም በልቧ «የሰው ልጅ አስታማሚ አላደርግም፣ ልጅም ወልጄ አላሳምምም» ብላ ቆርጣ ነበር። በአፏ ግን «አልተመቸኸኝም» አለችው።

ሌላ አገባ። የልጆቹን ፀጉር ዛሬ ማን ይቆርጣል? እሷው...

አባቷ «ለምን አታገቢም?» ሲላት «ለእኔ የሚሆን ማን አለ?» ትለዋለች። እሱም «የኔ ልጅ መራጭ ናት» እያለ ላገኘው ሁሉ ሲቀልድ ኖረ።

ባለፈው እሁድ ፎጣ አንገቱ ላይ አስራ ጺሙን እየላጨችው ነበር። ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው እሱ? ሁሌ ታነሺዋለሽ፣ ታስቀምጪዋለሽ...»

ደክሟታል አልኳችሁ። መዋሸትም ይደክማል።

«ምርመራ ነው አባዬ። ያንተ በሽታ እኔም ላይ ካለ ይናገራል።»

«ታዲያ አታደርጊውም?»

«ፈራኋ! ለዚህ ብዬ ነው ያላገባሁት። ለዚህ ብዬ ነው ያልወለድኩት። አለብሽ ቢለኝ አንድ ነገር ነው... የለብሽም ቢለኝስ? ያ ሁሉ ዕድሜ ለምን ነበር ልል ነው?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«መራጭ ስለሆንሽ... አልነበረም እንዴ?»

«እኔ ምን አለኝና እመርጣለሁ አባዬ?»

እንባው በአረፋው ላይ ወረደ።

«ልጄ... የኔ በሽታ አንቺን አይነካሽም።»

«በምን አወቅህ?»

«እናትሽን ሳገባት... አንቺ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ።»

ምላጩ አየር ላይ ቀረ...

«ታውቅ ነበር?»

«አውቄ ነው። ወድጄ ነው። ሰውዬው ጥሏት ሄዷል። ስትወለጂ መጀመሪያ ያቀፍኩሽ እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙ ያንን ሲል አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር እኮ! እንዴት ዝም ትላለህ?»

«አባቴ አይደለህም ብለሽ እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ... ደግሞ ትስቂ ነበር! መፍራትሽን በምን ልወቅ? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጄን አሳመምኳት ብለህ እንዳትጸጸት ብዬ...»

አያችሁ? ፀጉር ቤት ውስጥ የሰፈሩን ገመና ሁሉ ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች፣ የራሳቸውን አንድ ነገር ማውራት አቃታቸው።

አባትየው እጇን ያዘ። «አሁንም አግቢ... ውለጂ...»

ሳቋ መጣ። የድካም ሳቅ።

«ሃምሳ ልደፍን ምን ቀረኝ?»

ከዚያ ንዴቱ መጣ። ምላጩን አስቀምጣ ወጣች። በሩን ዘጋችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ግን እሷ ፀጉር ቆራጭ ናት። ሰው ግማሽ ተላጭቶ አይተውም... ይሄንን ያስተማራት ደግሞ እሱ ነው።

ተመልሳ ገባች። አረፋው ደርቋል። እንደገና ቀባችው።

«ቀና በል» አለችው። አባዬ አላለችውም።

ጉንጩን ጨረሰች። ወደ ጉሮሮው ስትወርድ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ እጇ አገጩን ደገፍ አደረገችው።

«እንዳትነቃነቅ... አባዬ።»

ወዳጆቼ፣ እኔ ለመፍረድ አቅሙም የለኝም። የገባኝ ይሄ ብቻ ነው፦ «እንዳይከፋው» ብለን የምንደብቀው ነገር፣ የምንወደውን ሰው ዕድሜ ሊበላ ይችላል። ምራቅ ለማያውቁት ሰው በፖስታ ከመላክ በፊት፣ አብሮ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ይቀድማል።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ተመልሳችሁ ትገቡ ነበር ወይስ ደረጃውን ወርዳችሁ ትሄዱ ነበር?

እንዳይከፋው ብላችሁ ዝም ያላችሁት ሰውስ አለ? ስሙን ተዉት... ምናችሁ እንደሆነ ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።