ከስልክ ወደ ስልክ

የበዓል ገበያ ነው፤ ሰዉ ከጫፍ ጫፍ ሞልቶ ኔትወርኩ ተጨናንቋል። አበጋዝ ትናንት «ታገቢኛለሽ ወይ? ካልሆነ ነገ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ አገሬ እገባለሁ» ብሎኛል። ላስብበት አልኩት። አስቤ ስጨርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ ብደውል ብደውል አይገባም። መናኸሪያው ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው።

«አንቺ ግትር! ትናንት እሺ ብትዪው ምን ነበረበት?» አለችኝ አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው ዘውድነሽ፣ ስልኬን ነጥቃ። «ይኸው፣ ይሄ ገበያተኛው ሁሉ የጫነው መተግበሪያ ታወር አይፈልግም። መልእክቱን የሰዉ ስልክ እየተቀባበለ ያደርስልሻል።»

«በሽማግሌ በዪኛ!» አልኳት።

«እሺ አገባሃለሁ፤ ሽንኩርት ተራ ነኝ፣ ቶሎ ና» ብዬ ጻፍኩ። ስም ምረጪ ሲለኝ ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ «ለሁሉም» የሚለው ጎላ ብሎ ታየኝና እሱን ተጫንኩ። የገበያው ስልክ በሙሉ ጢን አለ።

መጀመሪያ የደረሰው የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ። ተሳፋሪዎቹ «ለማን ጥለኸን ነው!» እያሉ ከኋላው ይሮጣሉ። መሐላቸው አበጋዝ ሻንጣውን ተሸክሞ ይጮኻል፦

«ቀድሜ የጠየቅኋት እኔ ነኝ!»