አልጠፋ ያለው ኮምፒውተር

የእትዬ የሺሃረግ ኮምፒውተር አፕዴት ካደረገ ወዲህ አልጠፋ ብሏል። ሹት ዳውን ሲሉት ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፋኑ ግን እንደ ወፍጮ ማጉረምረሙን አይተውም። ሶኬቱን ካልነቀሉት በስተቀር የሚያስቆመው የለም።

ከሊል ይህን የሰማው ሮቤ ውስጥ ያለችውን የጥገና ሱቁን ሊከፍት ቁልፉን እንደያዘ ነው። የነገረው ጎረቤቱ ጉቱ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ከሊል? ሱቁን ተወውና እትዬ የሺሃረግ ቤት እንሂድ።»

«ኮምፒውተር ነው እኮ፣ ምጥ አይደለም። ከሰዓት እደርሳለሁ።»

«አሁን ነው የፈለጉህ» አለ ጉቱ። ለወትሮው ለመሳቅ ሰበብ የማይፈልግ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን አልሳቀም።

መንገድ ላይ ከሊል እንደ ልማዱ ጊኒር ላለችው እናቱ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ጉቱ ካርድ ጨርሻለሁ ብሎ ተቀበለውና ወደ ኋላ ቀረት አለ። ሲመለስ ባትሪው አልቋል፣ እዚያ ቻርጅ አደርግልሃለሁ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

እትዬ የሺሃረግ ከጎጃም ለማስተማር መጥተው ሮቤ ላይ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከሊል ከጊኒር እንደመጣ የተከራየው እሳቸው ግቢ ነበር። አንድ ልጃቸው በእውቀቱ ጁባ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እናትና ልጅ የሚገናኙት በዚሁ ኮምፒውተር ነው።

በር ላይ ከሊልን አቅፈው ቶሎ አልለቀቁትም። ከዚያ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ አቀረቡ።

«በልቻለሁ፣ እትዬ።»

«ሳትበላ ኮምፒውተሩን አላስነካህም።»

«የጎጃም ሰው በጩኮ ሲያስገድድ ዛሬ አየሁ» አለና በላ። እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆሙ።

ከዚያ ሥራ ጀመረ። አፕዴቱ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ነገር አብርቶት ነበር፤ በዚህ የተነሳ ሙሉ በሙሉ ከመጥፋት ይልቅ ያንቀላፋል። ከሊል ያንን ነገር አጠፋው። ለውጥ የለም። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መለሰ። እትዬ የሺሃረግ ከኋላው ተቀምጠው ስክሪኑን ሳይሆን ማጅራቱን ያዩ ነበር።

«በእውቀቱ ደህና ነው?»

«ሰሞኑን አልደወለም» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በዚህ መሃል ሰው ይገባ ጀመር። ሴቶቹ ሰላምታቸውን በሹክሹክታ ሰጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተደረደሩ። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ግቢ ውስጥ አስቀመጡ። ከሊል ከሥራው ቀና ሲል ሁሉም ወደ መሬት ያያል።

ገባው። መርዶ በሩጫ አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠበቃል። ምስኪኗ ሴት የራሳቸውን ለቀስተኛ ጩኮ ያበላሉ።

ሹት ዳውን ሲለው ፋኑ ድንገት ዝም አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ጉቱ ደንግጦ ከሊል ጆሮ ሥር ቁጢጥ አለ። «አሁን እንዳትጨርስ። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

«በእውቀቱ ነው?»

ጉቱ የከሊልን ትከሻ ጨመቅ አድርጎ ተነሳ።

ከሊል ኮምፒውተሩን መልሶ አበራው። «እምቢ አለ፣ እትዬ። ትንሽ ያቆየናል።»

«አይዞህ፣ ልጄ።»

«አይዞዎት እርስዎ! ጁባ ኔትወርክ የለም፣ ለዚያ ነው ያልደወለው። ዛሬ ነገ ይደውላል።»

እትዬ የሺሃረግ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ከሊል አላህ ይቅር በለኝ ሲል በልቡ ኢስቲግፋር አደረገ። ውሸት መዋሸቱን ያውቃል። ቢሆንም ሳያውቁ የሚያልፉት ጥቂት ጊዜ ለእናት ቀላል ስጦታ አይደለም ብሎ አሰበ። የተበላሸ ነገር የሌለበትን ኮምፒውተር እየከፈተ እየዘጋ ያንን ጊዜ አረዘመው።

በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል አንድ ሚኒባስ ሲቆም አየ፤ ፊቱ ወደ ጊኒር መውጫ ዞሯል። መጀመሪያ የወረዱት ሐጂ መሀመድአወል ነበሩ፣ ከኋላቸው ኦቦ ኢታና። ለክርስቲያን መርዶ ሐጂ ከፊት መምጣቱ እንግዳን ያስገርም ይሆናል። ሮቤ ግን ሐዘን የጋራ ነው፣ ከሊልም አልገረመውም።

እትዬ የሺሃረግ ከጓዳ ሲወጡ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ተቀመጡ። ሲወድቁ ለመያዝ ከኋላቸው ሄዶ ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ።

እትዬ የሺሃረግ ተነሡና ከሊልን በሁለት እጃቸው ደግፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።