እናቷን አዝላ
እናቷን አዝላ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ፣ ወንድሟ ገና ሦስተኛው ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ያለከልክ ነበር። ሊፍት በሌለው ሕንጻ እግሯ የከዳትን እናቷን ለሕክምና ስታወርድና ስታወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን በየፎቁ እየተቀመጠች ታለቅስ ነበር። ዛሬ ወንድሟን የጠራችው ሸክሙን በዓይኑ አይቶ፣ "በቃ፣ ከአሁን በኋላ እማዬ እኔ ጋ ትሁን" እንዲላት ነው።

ወንድሟ እንደምንም ደርሶ ግድግዳውን ተደገፈ። የእህቱን ግንባር አየ፤ ላብ እንኳ የለውም። "አንቺ ሴትዮ፣ ሳንባሽን ከየት ነው የገዛሽው?" አለና ሳቀ። "እኔ ባዶ እጄን ሞቼልሻለሁ። እማዬ እኔ ጋ ብትመጣ በሳምንቱ ሁለታችንንም ትቀብሪናለሽ።"

"እኔ እኮ ከእንግዲህ አልችልም" አለችው። ድምፅዋ ግን ቁጭ ብላ እንደዋለች ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ወንድሟ ቀልድ መስሎት ይበልጥ ሳቀ። እናቷ በልጇ አንገት ዙሪያ ያቆላለፈቻቸውን እጆቿን አጥብቃ፣ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

"ልጄ" አለቻት በሹክሹክታ፣ "ምናለ ትንሽ እንኳ ብታለከልኪለት።"

እሷም አፏን ከፍታ ሞከረች። ትንፋሿ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ በዝግታ ገባ፣ በዝግታ ወጣ።